«አፍልታችሁ ጠጡ»

የብርጓል ወልደ ሐዋርያት የምትባለው ሴት ደመወዝ የሚከፈላት ውሃ ለመቅዳት ነበር። ከጣና በስተምዕራብ ያለውን አገር እየዞረች፣ ከግልገል ዓባይም፣ ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ትንንሽ ወንዞችም፣ ከየመንደሩ ጉድጓድም በጠርሙስ ትቀዳለች፤ በጠርሙሱ ላይ የቦታውን ስም ትጽፋለች፤ በበረዶ ሣጥን አስተኝታም ባሕር ዳር ወደሚገኘው ላብራቶሪ ታመጣዋለች። ምን ያህል ደፍርሷል፣ ማዳበሪያ ገብቶበታል ወይ፣ ሰገራ ነክቶታል ወይ፤ ይህንን መርምራ ለሚያጠኑት ሰዎች ማስረከብ ነው ሥራዋ።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በሐይቁ ምዕራብ ዳር፣ ቄጠማ ዳር በምትባል መንደር፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ፣ ልጅዎ ከተማ ምን ትሠራለች?» ሲሏቸው «ውሃ ትጠይቃለች» ይላሉ። «ውሃው ይመልስላታል?» ሲሏቸው ደግሞ ጢማቸውን እያፍተለተሉ «እንደ እናንተ ዝም አይልም» ብለው ያስቋቸዋል።

እሷ ገና ዳዴ ስትል እናቷ ስለሞተች ያደገችው በተማሪዎቹ ጎጆ መካከል ነው። ዳዊት ደግማለች። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት አትገባም ያሉ ሰዎች ቢያጉረመርሙም አባቷ ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ያስተምሯት ነበር። አስኳላ ስትደርስ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ላኳት፤ በዚያው ኮሌጅ ገባች፤ ኬሚስትሪ ተማረች፤ ሥራ ያዘች። ከአርሲ መጥቶ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ የሆነውን ሀዲስን አገባች። ኑሮዋ የከተማ ኑሮ ሆነ። ልቧ ግን በየወሩ ለናሙና ወደ ምዕራብ ስትሄድ ነበር የሚፈታ፤ የመጨረሻው መቅጃ ቄጠማ ዳር ነውና አባቷን አይታ ትመለሳለች።

ቄጠማ ዳር የእጅ ፓምፕ ያገኘችው በቅርብ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ወደ ሐይቁ ወርደው፣ ውሃውን የሸፈነውን እንቦጭ በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ነበር የሚቀዱት። ፓምፑ ሲተከል የመንደሩ ኮሚቴ ቁልፉን ለሙሉነሽ ሰጠ። ሙሉነሽ ከቆላ ድባ ለትዳር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ጠዋት ትከፍታለች፣ ማታ ትቆልፋለች፤ ዙሪያውን ትጠርጋለች፤ ከብት ሲጠጋ በዱላ ታባርራለች፤ ወረፋ የሚዘልለውን ሽማግሌም ቢሆን አትምርም። «የውሃ ዳኛ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። እሷም ስሙን ወዳዋለች።

ነገሩ በመጣበት ዓመት የብርጓል ቄጠማ ዳር የደረሰችው ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ነበር። ዝናቡ ገና አልቆመም። ያን ዓመት ሱባኤ የገባው ሕዝብ ከወትሮው እጅግ በዝቶ፣ ከፓምፑ በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ የቅጠል ጎጆ ሆኖ ነበር የከረመው። አሁን ሰዉ ተበትኗል፤ ጎጆዎቹ ፈራርሰዋል። ከጎጆዎቹ ኋላ ግን ሰዎቹ ለመጸዳጃ የቆፈሩት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ፣ የዝናብ ውሃ ሞልቶት ተኝቷል።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ይህ ጉድጓድ እዚህ ባይሆን ጥሩ ነበር» አለች የብርጓል።

«የት ይቆፍሩ? መሬት ጠፋ እኮ!» አለች ሙሉነሽ። «አፈር እናለብሰዋለን ብለዋል ወጣቶቹ። በይ አሁን ቅጂና ደግሞ ጠጪ፤ ከመንገድ ነው የመጣሽ።»

የብርጓል የፓምፑን አፍ በአልኮል ጠርጋ ጠርሙሷን ሞላች። ሙሉነሽ ደግሞ በጣሳ ቀድታ አቀረበችላት። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነበር። የብርጓል ጠጣች። ያን ዕለት ከአባቷ ጋር የጠጣችውም ይኸንኑ ነው፤ ንፍሮ አቅርበው፣ ተማሪዎቹን ሰብስበው፣ ሲያጫውቷት አመሹ። በማግስቱ በመኪና ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች።

መኪናዋ ከተማ በገባችበት ዕለት ከከተማው ወጣ ብሎ ተኩስ ተጀመረ። መንገዱ ተዘጋ። ሐይቁን ተሻግሮ የሚሄደው ጀልባ ቆመ። ስልክ ጠፋ። ሰዉ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። የብርጓል ግን የቀዳችው ውሃ ከቆየ እንደማይረባ ስለምታውቅ፣ ከቤቷ እስከ ላብራቶሪው ያለው መንገድ አጭር መሆኑን አመስግና በእግሯ ሄደች፤ ውሃውን በማጣሪያ አሳልፋ፣ ማጣሪያዎቹን በትንንሽ ሳህኖች ላይ አድርጋ ማሞቂያው ውስጥ አስገባች። ሰገራ የነካው ውሃ ከሆነ በማግስቱ ሳህኑ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይበቅላል። ንጹሕ ከሆነ ሳህኑ እንደነበረ ይቆያል።

በማግስቱ ማሞቂያውን ስትከፍት የወንዞቹ ሳህኖች እንደተለመደው ነጠብጣብ አውጥተው አገኘቻቸው። የቄጠማ ዳሩን አነሣች። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። መቁጠርም አይቻልም። ሳህን ተሳስቼ ይሆናል ብላ ስሙን ደግማ አነበበች፤ ከቀረው ውሃ እንደገና ሠራች። በማግስቱ ያው ሆነ። በዚያው ቀን ሆዷን ይቆርጣት ጀመር፤ ምን እንደጠጣች ሆዷም መሰከረላት።

የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ምሥጋና ደግ ሰው ነው። ሳህኑን በመስኮቱ ብርሃን አየው።

«ይህ ከመጸዳጃ የሰረገ ነው» አለ። «ለሰዎቹ ቶሎ መነገር አለበት። አፍልተው ይጠጡ፤ ወይም የውሃ ማከሚያ ይጨምሩበት። ይኸው ነው፤ ሌላ አያስፈልገውም።»

«በምን ልንገራቸው ዶክተር?»

ዶክተር ምሥጋና ስልኩን ከጠረጴዛ ላይ አነሣ፤ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ መልሶ አስቀመጠው። «እኔም ይፋግ ያለችውን እናቴን ድምፅ ከሰማሁ ሰነበትሁ» አለ። «የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሰው ካለበት በሬዲዮ ይነግሩልን እንደሆነ እጠይቃለሁ።» ጠየቀም። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹም ተበትነዋል አሉት።

የብርጓል መላው ጠፋባት። ሕመም ቢሆን ሐኪም ይፈለጋል፤ ረኃብ ቢሆን እህል ይላካል፤ የሷ ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው። አፍልታችሁ ጠጡ። ይህችን ማድረስ አልቻለችም። ሻይ በጣደች ቁጥር፣ ውሃው ሲንተከተክ በሰማች ቁጥር፣ አባቷ በዚያች ሰዓት ጣሳ አንሥተው ሲጠጡ ይታያት ነበር።

«መነኮሳቱ የሚጠጡት ውሃ እኮ ነው» ይላታል ሀዲስ ሊያጽናናት። «አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን ሐይቁን ሲጠጡ ኖረው የለም እንዴ?»

«እናቴ የሞተችው ያንኑ የሐይቁን ውሃ ጠጥታ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ማጽናኛ አላመጣም።

ጥቂት እንደሰነበተ ከዘጌ ሎሚና ጌሾ በታንኳ የሚያመጡ ሰዎች ዳር ዳሩን ይዘው መመላለስ ጀመሩ። ከነሱ አንዱ ክንዱ ይባላል፤ የብርጓል ሎሚ የምትገዛው ከሱ ነው። ያችን ሁለት ቃል በወረቀት ጽፋ ልትሰጠው ብትሞክር እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ወረቀት አልይዝም እኅቴ። ወረቀት ከተገኘብኝ የማን መልእክተኛ ነህ እባላለሁ። አፌን ግን ማን ይፈትሸዋል? በቃል ንገሪኝ።»

«ቄጠማ ዳር ለመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፦ የፓምፑ ውሃ ቆሽሿል፤ አፍልታችሁ ጠጡ።»

«የፓምፑ ውሃ ቆሽሿል፤ አፍልታችሁ ጠጡ» አለ ክንዱ።

«አሁንም በለው።»

አለው። ሳያጓድል አለው። ነገር ግን እሱ የሚደርሰው ዘጌ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ለገበያ ለሚወጣ አንድ ዘመዱ ይነግራል፤ ዘመዱ ደግሞ ወደዚያ አገር ለሚያልፍ ሰው። «ቃል እግር አለው፤ ይደርሳል» አለና ታንኳውን ገፋ። የብርጓል ውሃው ላይ እስኪርቅ ቆማ አየችው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ቀናት ሁሉ የያዛት ጭንቀት በመጠኑ ለቀቃት። ያን ምሽት ራት በላች።

መስቀል አለፈ፤ ጥቅምት ገባ። ክንዱ ተመልሶ ሲመጣ «ለዘመዴ ነግሬያለሁ፤ እሱም ነግሯል» ከማለት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ኅዳር ላይ ነገሩ ረገብ ብሎ አንድ ጀልባ እህል ሊያመጣ ወደ ምዕራቡ ዳር እንደሚሄድ ተሰማ። የብርጓል ፈቃድ ጠይቃ፣ ባዶ ጠርሙሶቿንና የበረዶ ሣጥኗን ይዛ ተሳፈረች።

ጀልባው ወደ ቄጠማ ዳር ሲጠጋ መጀመሪያ ያየችው ሴቶችን ነው። ከውሃው ዳር ጎንበስ ብለው፣ እንቦጩን ገፋ ገፋ አድርገው ጀሪካን ይሞላሉ። ከብቶቹም እዚያው ገብተው ቆመዋል። የብርጓል፣ ቻው ሳትል፣ ሰላም ሳትል፣ ዳገቱን ወጣች። ፓምፑ ዙሪያውን በግራር እሾህ ታጥሮ፣ እጀታው በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። እርሱ ባለበት ሥፍራ ሣር በቅሎበታል። ጠራጊ የለውም።

አባቷ ከጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋቢያቸው ሰፍቷቸዋል። ጉልበታቸውን ሳመች፤ አጥንት ብቻ ነው።

«ታመው ነበር እንዴ አባ?»

«ሆዴን ነበር። አሁን ደኅና ነኝ። ተማሪዎቹም ታመው ነበር፤ ተነሥተዋል። እማሆይ ሥርጉትን ግን ቀበርናቸው።»

እማሆይ ሥርጉት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚኖሩ አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ የብርጓልን በሕፃንነቷ አዝለዋታል። የብርጓል ከመሬት ተቀመጠች።

«ቃሌ አልደረሳችሁም?» አለች።

«ደረሰን።»

«ምን ተብሎ?»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ፓምፑ አዞሩ። «አንድ መንገደኛ ገበያ ላይ ነው የተናገረው፤ ለእኔ አልመጣም። የመሪጌታ ልጅ በመሣሪያ አይታ፣ የቄጠማ ዳር ውሃ ተመርዟል ብላለች፣ እንዳትጠጡ ተብሎ ደረሰ።»

«አባ! እኔ እንዲያ አላልሁም! ቆሽሿል፣ አፍልታችሁ ጠጡ ነው ያልሁት!»

«አውቃለሁ። ያኔም አውቄያለሁ። ልጄ መርዝ የምትል አይደለችም፣ ቆሽሿል ብላ ይሆናል ብዬ ተናገርሁ። ነገር ግን በዚህ ወራት፣ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በሚፈራበት ወራት፣ ተመርዟል የሚል ቃል አንድ ጊዜ ከወጣ ቆሽሿል የሚለውን ማን ይሰማል? የአንድ ፊደል ያህል እንኳ አልተሰማልኝም።»

«እትዬ ሙሉነሽስ?»

መሪጌታ ቀስ እያሉ ነገሯት። መርዝ ካለ መራዥ አለ ተባለ። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ከአገራችን የበቀለች ናት ወይ? ወረፋ እያለች ያዋረደችው ሽማግሌ ስንት ነው? አንዱ ሲናገር ሌላው እያከለበት፣ በአንድ ቀን ጠዋት ሰዉ ቤቷን ከበበ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከደጇ ቆመው ነበር፤ በፊታቸው ድንጋይ የሚወረውር አልተገኘም። ግን «ትውጣልን» አሉ። ሙሉነሽ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለመሪጌታ ሰጠች፤ ነጠላዋን ደርባ፣ ፍየሏን እንደታሰረች ትታ፣ ሄደች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም።

«ከዚያ ሰዉ ወደ ሐይቁ ወረደ» አሉ መሪጌታ። «ውሎ አድሮ ተቅማጡ ገባ። እማሆይ ሲሞቱ ደግሞ ይኸው፣ መርዙ በሆዳቸው ቆይቶ ነው ተባለ።»

«ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ነው እኮ የታመሙት! የሐይቁ ውሃ ነው!»

«ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አሉ አባቷ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ሲሰበሰብ መሪጌታ ልጃቸውን አቆሙ። የብርጓል በሕዝብ ፊት መናገር አትወድም። ሆኖም ተናገረች። ውሃው መርዝ የለበትም፤ ከላይ የተቆፈረው መጸዳጃ ሰርጎ ገብቶበት ነው፤ ጉድጓዱ ቢደፈንና ፓምፑ ቢታከም ይድናል፤ እስከዚያ ድረስ የሐይቁንም የፓምፑንም አፍልታችሁ ጠጡ፤ ሙሉነሽ አንዳች በደል የለባትም። ይህን ሁሉ በቀላል ቃል፣ እያየቻቸው፣ ነገረቻቸው። ሰዉ ዝም ብሎ አዳመጠ። ይገባቸዋል ብላ ተስፋ ያደረገችው በዚያች ዝምታ ጊዜ ብቻ ነው።

የመንደሩ ሽማግሌ አቶ አበራ ተነሡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፓምፑ ሲተከል ድንጋይ ካመላለሱት አንዱ ናቸው።

«ልጄ፣ ተመርዟል ብላ የላከችው የመሪጌታ ልጅ ናት ተባልን። አሁን ደግሞ አልተመረዘም የምትለን የመሪጌታ ልጅ ናት። የትኛዋን እንመን?»

«የመጀመሪያው የኔ ቃል አይደለም አባቴ። በመንገድ ተለውጦ ነው።»

«የዛሬው ነገ አለመለወጡን በምን እናውቃለን?»

ከኋላ አንዱ «ለሙሉነሽ አዝና ነው» አለ። ሌላዋ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያዘለች ሴት፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም ድምፅ፦ «አፍሉ ትይናለሽ፤ ማገዶውን ከየት እናምጣ? ገበያው ተዘግቶ፣ ባሕር ዛፋችን ተቆርጦ አልቆ፣ ለወጥ እንኳ ኩበት ለቅመን ነው» አለች።

ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። አቶ አበራ በማለፍ ላይ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉና «አትዘኚብን» አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

መጸዳጃውን የሚደፍን ሰው ፈለገች፤ ተማሪዎቹ አፈር አለበሱት። የአባቷን ድስት ራሷ ጣደች፤ ውሃ አፍልታ በእንስራ ሞላች፤ እንዴት እንደሚያፈሉ ተማሪዎቹን አሳየቻቸው። «ማገዶ እስካለ እናፈላለን» አሉ መሪጌታ። ይዛው የመጣችውን የውሃ ማከሚያ ለነሱው ተወችላቸው፤ አንድ መንደር የሚያዳርስ አልነበረም። ወደ ጀልባው ከመውረዷ በፊት ሴቶቹ ከሚቀዱበት ዳር ጠርሙሷን ሞላች። ባሕር ዳር ደርሳ ስትመረምረው ከፓምፑ የባሰ ሆኖ አገኘችው። ቁጥሩን በሠንጠረዡ ላይ ሞላች። ዶክተር ምሥጋና አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩ ገና አልተመለሰም፤ ጀልባውም ከዚያ ወዲህ አልሄደም።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት የብርጓል ከሥራ ስትመለስ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ፎቅ በሚሠራበት አጥር በኩል አለፈች። ሴቶች በባልዲ ውሃ ይሸከማሉ፤ አሸዋ ያመላልሳሉ። አንዷ ባልዲዋን አስቀምጣ ወገቧን ስታቃና ፊት ለፊት ተያዩ።

«እትዬ ሙሉነሽ!»

ሙሉነሽ በሲሚንቶ የነጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሳመቻት። ሦስቴም አራቴም አገላብጣ ሳመቻት። ቆላ ድባ ያሉት ዘመዶቿ ጋ ለመድረስ መንገድ አጥታ፣ በእግር ተጉዛ እዚህ መቅረቷን ነገረቻት። የምታድረው ከአራት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው። መሪጌታን ጠየቀች፤ ተማሪዎቹን በየስማቸው ጠየቀች፤ የእማሆይን ሞት ስትሰማ አለቀሰች። የብርጓል ቆማ መስማት አቃታት።

«እትዬ፣ ቃሉ ከኔ አፍ ነው የወጣ። እኔ ነኝ የላክሁት። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።»

«አንቺ ምን ታደርጊ» አለች ሙሉነሽ። ከዚያ ዙሪያዋን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። በውሃው ውስጥ ያገኘሽው ምንድን ነው?»

«ከመጸዳጃው ጉድጓድ የሰረገ ነው እትዬ። ሰገራ።»

«ሰገራ።»

«አዎ።»

«መርዝ የሚባል የለበትም?»

«የለበትም። ተፈልቶ ቢጠጣ ምንም አያደርግም ነበር።»

ሙሉነሽ መሳቅ ጀመረች። ሌሎቹ ሴቶች ዞረው አዩአት። ትስቃለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ቆይቶም ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው። «እኔ እኮ» አለች ከሻሹ ውስጥ፣ «ሰው ክፉ ነገር ጥሎበት ሳላየው ቀርቼ ይሆናል፣ ተኝቼ ይሆናል እያልሁ ስንት ቀን ራሴን በላሁ። ለዚህ ነው? ለዚህ ነው ቤቴን ጥዬ የወጣሁት?»

የብርጓል የሙሉነሽን እጅ ያዘች።

«ነይ አብረን እንሂድ» አለች ሙሉነሽ ፊቷን ገልጣ። «ከፊታቸው አቁመሽኝ ንገሪያቸው።»

«ነግሬያቸዋለሁ እኮ። አልሰሙኝም።»

«እኔ ሳልኖር ነው የነገርሻቸው። እኔን እያዩ ንገሪያቸው። ቁልፉን አልፈልገውም፤ ፍየሌንም ይብሏት። ስሜን ብቻ ይመልሱልኝ።»

የብርጓል እሺ አለች። ወደ ቤቷ መጥታ እንድትኖር ለመነቻት፤ ሙሉነሽ «የሰው ቤት አልችልም» ብላ እምቢ አለች፤ እሑድ እሑድ ግን እየመጣች ምሳ ትበላ ጀመር። ሀዲስ ወደዳት። እሷ ግን ከእህሉ ይልቅ የምትፈልገው ወሬ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ «ጀልባው ሄደ ወይ?» ትላለች።

ከጥምቀት በኋላ ጀልባ እንደሚነሣ ተነገረ። የብርጓል ዶክተር ምሥጋናን አስፈቀደች። ሙሉነሽ ከሥራዋ ቀርታ፣ ያላትን ደህና ቀሚስ ለብሳ፣ ጥሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደቡ ላይ ቀድማ ደረሰች። ሌሎችም ብዙ ነበሩ፤ በዚያኛው ዳር ዘመድ ያለው ሁሉ ጓዙን ይዞ ተሰልፏል። ፀሐይ ወጣች፤ ሐይቁ ረጋ ብሏል። ጀልባው ከነገመዱ እንደታሰረ ነው። ሰዉ ይጠይቃል፤ የወደቡ ሠራተኞች «ትዕዛዝ እየጠበቅን ነው» ይላሉ። ፀሐዩ ሲበረታ አንደኛው ወጥቶ፣ በምዕራቡ ዳር ነገር ስለተነሣ ጀልባው እንደማይሄድ ተናገረ። መቼ እንደሚሄድ ሲጠይቁት እጁን ዘረጋ።

ሰዉ ወዲያው አልተነሣም። ምናልባት ይለወጥ እንደሆነ ብሎ ተቀመጠ። ሙሉነሽ የቋጠረችውን ጥሬ ፈትታ ለየብርጓል ዘገነችላት። ሁለቱም ሐይቁን እያዩ በሉ። ወዲያ ማዶ በጭጋጉ ውስጥ መሬቱ አይታይም።

«አባቴ ሰው ልከው ነበር» አለች የብርጓል። «በክንዱ በኩል። ማገዶው አልቋል ብለዋል።»

ሙሉነሽ ፀሐይዋን ለክታ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች።

«ልሂድ። ከሰዓት እንኳ ብደርስ ፎርማኑ ግማሽ ቀን ይይዝልኛል፤ ካልሄድሁ ግን ነገ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል።»

«ጀልባው እንደተነሣ እነግርሻለሁ እትዬ።»

«እስቲ» አለች ሙሉነሽ። ጥቂት ሄዳ ዞር አለች። «በሰው አትላኪብኝ። ራስሽ መጥተሽ ንገሪኝ።»

የብርጓል በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሙሉነሽ በተቀመጡት ሰዎችና በጓዙ መካከል እየተላለፈች ወጣች። የብርጓል ባዶ ጠርሙሶቿን ታቅፋ፣ መሥሪያ ቤት መሄድ እንዳለባት እያወቀች፣ ከተቀመጠችበት መነሣት አቅቷት ቆየች።